«ሙያ በልብ ነው» እያልኩ ሦስት ኢንተርቪው ወደቅሁ፤ ሐሙስ አራተኛው ነው

የሳሙና_በር_ልጅ | ሰኞ ማታ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። አሁን ግን ሆዴ ሊፈነዳ ስለሆነ ልጽፍ ነው።

በ2016 በአካውንቲንግ ተመረቅሁ። የመውጫ ፈተናውን በአንድ ጊዜ አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ሥራ ፍለጋ ነው። ጠዋት ቴሌግራም ላይ «0 ዓመት ልምድ» የሚል ማስታወቂያ አድናለሁ፣ ከሰዓት ኮፒ ቤት እሰለፋለሁ። የኮፒ ቤቷ ልጅ ቴምፖዬን (ጊዜያዊ ዲግሪዬን) ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

ሦስት ቦታ የጽሑፍ ፈተና አልፌ ለቃል ተጠራሁ። ሦስቱም ላይ ወደቅሁ። አንዱ ጋ በጽሑፉ ሁለተኛ ነበርኩ፤ የተቀጠረው አምስተኛው ነው። ጉዴ የሚፈላው ክፍሉ ውስጥ ስገባ ነው።

የመጨረሻውን ላውራላችሁ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» አሉኝ። ስሜን ነገርኳቸው። ጎንደር ተወልጄ ጎንደር አደግሁ አልኩ። አለቀብኝ። «ሌላስ?» ሲሉኝ «ሌላው… እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩ። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ነው ያልኩት። ሴትዮዋ ሳቋን በእጇ ሸፈነች።

ለተግባር ልምምድ የወጣህበት ቦታ ምን ሠራህ ተባልኩ። «ያው የሚያዙኝን እሠራ ነበር» አልኩ። እዚያ ቤት የሦስት ወር የባንክ ማስታረቂያ (የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ ጋር ማመሳከሪያ) አልገጥም ብሎ ተቀምጦ ነበር። ልዩነቱ ሁለት ጊዜ ከተመዘገበ ቼክ እንደመጣ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሰነድ ሳገላብጥ። ይሄ ከአፌ አልወጣም። ሙያ በልብ ነው እየተባልኩ ነዋ ያደግሁት።

ከዚያ ጡረታ ከሠራተኛው ስንት፣ ከአሠሪው ስንት ይቆረጣል አሉኝ። 7 እና 11 በመቶ። በእንቅልፌ የማውቀውን አገላብጬ ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ «ደሞዝ ስንት ትጠብቃለህ?» «እናንተ ያያችሁትን።» በቃ።

ሐሙስ 3 ሰዓት ላይ አዘዞ መንገድ ያለ አንድ የግል ድርጅት ጠርቶኛል። የሒሳብ ሠራተኛ ነው ቦታው። ደሞዙ «በስምምነት» ይላል። ምን ላድርግ? አንድ ነገር ደግሞ፤ የአጎቴ ልጅ ባለፈው ጥር ሚዜ የሆነበት ሱፍ አለ። እጅጌው ጣቶቼን ይሸፍናል። ልልበሰው ወይስ ይቅር?

ሊስትሮ_ነበርኩ | ሰኞ ማታ 2:31

ሱፉን ለባለቤቱ መልስለት። የሰው ሱፍ የለበሰ ሰው ከሩቅ ያስታውቃል፤ ክንዱን ከሰውነቱ አርቆ ነው የሚሄደው። ንጹሕ ሸሚዝ፣ የተተኮሰ ሱሪ፣ ከላይ ደህና ሹራብ ይበቃሃል። የጎንደር ሐምሌ ነው፣ ሹራብ ማንም አይጠይቅህም።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ፒያሳ ላይ ሊስትሮ ነበርኩ። ለሥራ ፈተና የሚሄድ ሰው ሲመጣ ሳይነግረኝ አውቀው ነበር። ፋይሉን ደረቱ ላይ አቅፎ ይቆማል። የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ነው። ፒያሳ ላይ ጫማቸውን አስጠርገው፣ በዚያ ጭቃ አዘዞ ድረስ ይሄዱበታል። ጠረጴዛው ሥር ተደብቆ ይቀራል ብለህ እንዳታስብ፤ ከበር እስከ ወንበር ስትራመድ የሚታየው እግርህ ነው።

እንዲህ አድርግ። የተጠረገውን ጫማ በፌስታል ያዝ። መንገዱን በአሮጌው ሂድ። በሩ ጋ ስትደርስ ቀይር።

ዘመድ_አልባ | ሰኞ ማታ 2:48

ወንድሜ፣ ሰዎቹ በጫማና በሹራብ ሊሸነግሉህ ነው። አምስተኛው ተቀጠረ አላልክም? መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ዘመድ ካለህ በነጠላ ጫማም ትገባለህ። ከሌለህ ግን የሚዜ ሳይሆን የሙሽራ ሱፍ ብትለብስ ወግድ ነው። እኔ ስድስት ቦታ ሄጃለሁ። ከዚያ በኋላ ተውኩት።

ማህተም_ያዥ | ሰኞ ማታ 3:20

ሰው ሀብት ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ጎንደር ውስጥ ነኝ፣ የት እንደሆነ ይቅር።

መጀመሪያ ለዘመድ_አልባ። በዘመድ የሚያዝ ወንበር የለም ብዬ አልዋሽህም። አለ፤ አይቼም ተናድጄበታለሁ። ግን ማንም ያልተያዘለት ወንበርም አለ። እሱ ላይም ጎበዝ ልጆች ሲወድቁ አይቻለሁ። ችግሩ፣ ከውጭ ሆነህ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አትችልም። ሁሉንም ክፍት ነው ብለህ ከመግባት ሌላ ምን አለህ?

አሁን ወደ ልጁ። ወንድሜ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ያለውን ልንገርህ። እኛ ክፉዎች አይደለንም። ደክሞን ነው። አንዳንዴ በአንድ ቀን አሥር አሥራ ሁለት ሰው እናያለን። ሁሉም «ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ» ይላል። ከሰዓት በኋላ ማንን ከማን እንደምለይ ይጠፋኛል። የማስታውሰው ማስታወሻዬ ላይ በጻፍኩት ነው። እዚያ የምጽፈው ደግሞ «ታታሪ» የሚል ቃል አይደለም። አንድ ነገር ነው የምጽፈው። ያንተን ብሰማ ኖሮ «ቼኩን ያገኘው ልጅ» ብዬ እጽፍ ነበር። አንተ ግን «የሚያዙኝን» አልክ። የምጽፈው አሳጣኸኝ።

ደሞዙን በተመለከተ። «ያያችሁትን» ማለት ቤት ውስጥ ጨዋነት ነው። እኛ ጆሮ ሲደርስ ግን «ዋጋዬን አላውቅም» ሆኖ ነው የሚሰማው። የሒሳብ ሰው ቁጥር ከፈራ ደግሞ አስበው። ሐሙስ ከመድረሱ በፊት በዚሁ ከተማ፣ በዚሁ ዓይነት ቦታ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ሰዎች ጠይቅ። ከዚህ እስከዚህ በል። «በስምምነት» ያሉት ሊስማሙ ነው፤ የሚስማሙበትን ስጣቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ማንም የማይነግርህ። ፓነሉ ላይ ሴት ካለች አደራህን። ወንዶቹን «እርስዎ» እያለ ወደ እኔ ሲዞር «አንቺ» የሚለኝ ልጅ ስንቴ አጋጥሞኛል። እኔ ሰብሳቢ ሆኜ! አስቦበት አይደለም፣ ከአፉ ስለሚያመልጠው ነው። አብሮኝ የሚፈትነው ደግሞ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል። ለሁሉም «እርስዎ» በል፤ «አንተ በለኝ» ካሉህ ያን ጊዜ ታያለህ።

ደግሞ ጥበቃውን ሰላም በል። ለመልክ ብለህ እንዳይሆን። እኔ ሰው ከወጣ በኋላ ወርጄ ጥበቃውን እጠይቀዋለሁ። «ያ ልጅ እንዴት ነበር?» እለዋለሁ። አንዱ ውስጥ ማር ሲሆን ውጭ ጥበቃውን «አንተ ሰውዬ» ብሎት ነው የገባው። አልቀጠርነውም።

ጡረተኛው_መምህር | ማክሰኞ ጠዋት 1:05

ልጄ፣ እንደምን አድረሃል። ጽሑፍህን ሌሊት አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ።

ራስህን አትውቀስ። እኛ ነን እንዲህ አድርገን ያሳደግንህ። ታላቅ ሲናገር መሬት መሬት እያየ የሚሰማውን «ጨዋ ልጅ» ስንል ኖርን። ራሱን የሚያነሣውን «ጉረኛ» አልነው። ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላህ አንድ ክፍል አስገብተን «ራስህን አሞግስ» አልንህ። ግራ ቢገባህ አይገርመኝም።

ግን አንድ ነገር ረስተናል። የጎንደር ሰው ስለ ራሱ አይናገርም ያለው ማን ነው? ፉከራ የማን ነው? አባቶቻችን ተነሥተው የሠሩትን ይናገሩ ነበር። ቦታውን ይጠራሉ፣ ቀኑን ይጠራሉ፣ ማን እንደነበረ ይጠራሉ። ያልሠራውን የፎከረ እንደሆነ ግን አብሮት የነበረ ሰው ያሳፍረዋል። ጉራና ፉከራ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ጉራ «እኔ ጀግና ነኝ» ይላል። ፉከራ «እዚያ ቦታ፣ በዚያ ቀን፣ ይህን አደረግሁ» ይላል። ጀግና ነው አይደለም የሚለውን ፍርድ ለሰሚው ይተወዋል።

አንተም የቼኩን ነገር እንዲያ ተናገር። ቦታ፣ ጊዜ፣ ሥራ። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ። ጎራዴ አያስፈልግም።

ዓይንን በተመለከተ፣ የሚያናግርህን ሰው ፊት እይ። ማፍጠጥ አላልኩም። ከከበደህ ቅንድቡን እይ፣ ልዩነቱን አያውቀውም። አርባ ዓመት ሳስተምር ተማሪዎቼን እንዲያ ነበር የማያቸው፤ እኔም ዓይን አፋር ነበርኩ።

ላብ_ኮት | ማክሰኞ ጠዋት 2:40

ጋሼ፣ የቅንድቧን ነገር ዛሬውኑ እሞክራታለሁ 😄

እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ ሰዓት። 3 ሰዓት ብለህ ጽፈሃል። በቃል ነው የነገሩህ ወይስ በጽሑፍ? እኔን በሞባይል መልእክት «9:00» ብለው ጠሩኝ። የእኛ 9 ሰዓት መስሎኝ ምሳዬን በልቼ፣ ፀጉሬን አስተካክዬ፣ ከሰዓት ደረስኩ። ጠዋት 3 ሰዓት ነበር ያሉት ለካ። ጥበቃው «እህቴ፣ ሰዎቹ ጨርሰው ሄደዋል» አለኝ። በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ስለዚህ ደውለህ «ጠዋት ነው አይደል?» በል። ማንም በዚህ አይንቅህም።

ሁለተኛው ለእህቶቼ ነው። እኔን «አግብተሻል? ልትወልጂ አስበሻል?» ብለውኛል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሴትን በፆታዋ ምክንያት በቅጥር ማግለል ክልክል ነው። ወልዳም ብትሆን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደሞዝ ጋር ፈቃድ አላት። ይህን አውቃለሁ። ግን ክፍሉ ውስጥ አዋጅ ብጠቅስ ኖሮ ፊታቸው ይጨልም ነበር። እኔ እንዲህ አልኩ፦ «የሌሊት ተራው አሳስቧችሁ ከሆነ፣ ተራዬን እሸፍናለሁ። በልምምድ ጊዜም ስሸፍን ነበር።» የጠየቁኝን ሳይሆን የፈሩትን መለስኩላቸው። ተቀጠርኩ። እስካሁን ግን ያ ጥያቄ ሲነሣ ያናድደኛል። መመለስ ባይኖርብኝ ነበር ደስ የሚለኝ።

ማህተም_ያዥ | ማክሰኞ ጠዋት 2:58

ላብ_ኮት፣ እውነትሽን ነው። እኛ ቤት ያን ጥያቄ ካስቆምነው ቆይቷል። አንዳንዱ ሰብሳቢ አሁንም እንደ ጨዋታ ያነሣዋል። ጨዋታ አይደለም።

ፒያሳ_ላይ | ማክሰኞ ቀን 6:15

ሆቴል ነው የምሠራው፣ እንግዳ መቀበያ። የእኔ ኢንተርቪው እንዴት እንደነበረ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ።

ጥምቀት ሊደርስ ሲል ነው። ሆቴሎቹ ሁሉ ሰው ይፈልጋሉ። ገባሁ። እንግሊዝኛዬ ደህና ነው፣ ተማምኜበታለሁ። ሰውየው ፈገግ ብሎ «አንድ እንግዳ መጥቶ ፋሲል ግቢ ውስጥ ያሉትን ሕንጻዎች እነማን ሠሯቸው ቢልህ ምን ትመልሳለህ?» አለኝ። «አፄ ፋሲል» አልኩ። «ሁሉንም?» አለ። «አዎ፣ ስሙም እኮ ፋሲል ግቢ ነው» አልኩት። ወገኖቼ፣ እኔ በዚያ አጥር ሥር አልፌ ነው ትምህርት ቤት ስመላለስ ያደግሁት!

ሰውየው ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተ። ያ የዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ ያ የኢያሱ ቤተ መንግሥት፣ ያ የዳዊት፣ ያ የበካፋ፣ ያ የእቴጌ ምንትዋብ እያለ በጣቱ አሳየኝ። በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ መስኮትህ ላይ ተገትሮ የማን እንደሆነ አታውቅም አለኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

ግን ምን አልኩ መሰላችሁ? «አላውቀውም ነበር። ነገ ጠዋት ቲኬት ቆርጬ ገብቼ ተምሬ እመጣለሁ» አልኩ። እውነትም ሄድኩ። በማግሥቱ ከሰዓት ተመልሼ እያንዳንዱን ነገርኩት። ሰውየው አልጠበቀኝም ነበር። በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ።

የምለው፣ የምትሄድበትን ቤት እወቀው። ምን እንደሚሸጥ፣ ስንት ቅርንጫፍ እንዳለው፣ በሩ የት እንደሆነ። ረቡዕ ከሰዓት በባጃጅ ሄደህ በሩን አይተህ ተመለስ።

ስለ ቡናም ልበል። «ቡና ትጠጣለህ?» ካሉህ እንደ ጎረቤት ቤት «አይ፣ ይቅርብኝ» ብለህ እስኪለምኑህ አትጠብቅ። እዚያ በሞቴ የሚልህ የለም። ከፈለግህ «እሺ፣ አመሰግናለሁ»፤ እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ውሃ ይሻልሃል። እኔ ስኒውን እያንቀጫቀጭኩ ነው የጨረስኩት።

ፈረንጅ_አፍ | ማክሰኞ ቀን 8:02

ማንም ስለ እንግሊዝኛው አላነሣም። ድንገት «ቴል አስ አባውት ዩርሰልፍ» ካሉህስ? ብዙዎቻችን ከኢንተርኔት የሸመደድነውን እንለቃለን። እኔ «ማይ ግሬተስት ዊክነስ ኢዝ ፐርፌክሽኒዝም» ብዬ ስጨርስ ፈታኙ በአማርኛ «ከአንተ በፊት የገባውም እንዲሁ ነው ያለው» አለኝ።

ለእኔ የሠራልኝ ይኼ ነው። የቼክህን ታሪክ በአምስት አጭር ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፈው። አትሸምድደው፤ ለእናትህ እንደምታወራ አሥር ጊዜ ተናገረው። የተሰበረ እንግሊዝኛ ያንተ ከሆነ ያልፋል። የሰው እንግሊዝኛ ግን መሐል ላይ ስትቋረጥ ወዴት እንደምትመለስ ያጠፋሃል።

የሳሙና_በር_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 3:30

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደውዬ ጠየቅሁ፣ ጠዋት ነው። ልምምዴ ይሄውና። ቁረጡት፦

«ስሜ እገሌ ይባላል። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ነው። የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴንም እዚሁ ተከታትያለሁ። በአካውንቲንግ በ2016 ተመርቄያለሁ። ታታሪ፣ ታማኝና ሥራ ወዳድ ነኝ። በልምምድ ጊዜ ከባልደረቦቼ ጋር በመሆን የባንክ ማስታረቂያ ሥራ ላይ ተሳትፈናል። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር እችላለሁ። ይህን ዕድል ብታገኙኝ ደስ ይለኛል።»

ማህተም_ያዥ | ማክሰኞ ማታ 3:52

«ብታገኙኝ» ሳይሆን «ባገኝ» 😄 ከመፍራትህ የተነሣ ሰዋስው ተገለበጠ።

እንግዲህ መቀሱን ላንሣ። ስምህን ያውቁታል፣ ፋይሉ ላይ አለ፤ አንዴ በልና እለፍ። አንደኛ ደረጃ የት እንደተማርክ ማንም አይፈልግም። «ታታሪ፣ ታማኝ» ሙሉ በሙሉ ይውጣ።

«ከባልደረቦቼ ጋር ተሳትፈናል» ደግሞ ምንድን ነው? ቼኩን ያገኘው ማን ነው? አንተ አይደለህም? «እኛ» ስትል እኔ የምሰማው «ሌላ ሰው ሠራው፣ እኔ አጠገቡ ነበርኩ» ብለህ ነው። የሌላ ሰው ድርሻ ካለ ጥቀሰው፣ ምስጋናውን ስጠው። ያንተን ግን «እኔ» በል።

ፒችትሪ እችላለሁ ካልክ ምን ሠርተህበት እንደሆነ ተዘጋጅ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ እሱ ነው።

የሳሙና_በር_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 4:20

«እገሌ እባላለሁ። በ2016 በአካውንቲንግ ተመረቅሁ። ለልምምድ የሄድኩበት ድርጅት የሦስት ወር የባንክ ማስታረቂያው አልገጥም ብሎ ነበር። ኃላፊዋ ሰነዶቹን ሰጥታኝ ሁለት ቀን አየኋቸው። አንድ ቼክ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ አገኘሁ። ለኃላፊዋ አሳየኋት፣ አስተካከልነው። ከዚያ በኋላ እስክወጣ ድረስ ማስታረቂያውን ለእኔ ነበር የምትሰጠኝ። እዚህ ቤትም እንዲህ ያለ ሥራ መሥራት ነው የምፈልገው።»

ስጽፈው ፊቴ ቀላ። እናቴን ጠርቼ አነበብኩላት። «ይሄን መቼ ሠራህ? ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ።

ጡረተኛው_መምህር | ረቡዕ ጠዋት 1:10

አየህ? ለእናትህም አልነገርካትም። ልጄ፣ ይኼ ጥሩ ነው። አንድም ቅጽል የለበትም።

ዘመድ_አልባ | ረቡዕ ማታ 1:45

ልጁ ሲጽፍ እያየሁ ራሴን አሰብኩ። ስድስቱም ጋ ምን እንዳልኩ ላስታውስ ብዬ ቁጭ አልኩ። «ታታሪ ነኝ» ነው ያልኩት። ስድስቱም ጋ። ዘመድ የለም አላልኩም፣ አለ። ግን ማህተም_ያዥ፣ አንድ ጥያቄ። «ለምን ሁለት ዓመት ሥራ ፈታህ?» ሲሉኝ ምን ልበል? እዚያ ላይ ነው ሁልጊዜ የምሰናከለው።

ማህተም_ያዥ | ረቡዕ ማታ 2:12

ምን ስትሠራ ነበር?

ዘመድ_አልባ | ረቡዕ ማታ 2:15

ምንም። አራዳ ገበያ የአክስቴ ሱቅ ውስጥ ነው የምውለው። በርበሬና ሽሮ። ዕቃ አስመጣለሁ፣ ዱቤ እይዛለሁ፣ ማታ ሒሳብ እዘጋለሁ።

ማህተም_ያዥ | ረቡዕ ማታ 2:17

«ምንም» ነው ያልከው?

ላብ_ኮት | ረቡዕ ማታ 2:20

😂😂 ይሄም ሌላ ክር ይውጣው

ማህተም_ያዥ | ረቡዕ ማታ 2:34

ቀልዴን አይደለም። ሁለት ዓመት ዱቤ ይዞ ሳይጣላ ያስመለሰ ሰው የሰበሰበ ሰው ነው። ስንት ደንበኛ ዱቤ እንደነበረው፣ በምን እንደመዘገብከው፣ ያልከፈለውን እንዴት እንዳናገርከው፣ እሱን ጻፍ። «ሥራ ፈትቼ ነበር» የሚለውን ቃል ከአፍህ አውጣ። አክስትህ ደሞዝ አልከፈለችህም ማለት ሥራ አልሠራህም ማለት አይደለም።

የሳሙና_በር_ልጅ | ሐሙስ ቀን 7:50

ወጣሁ። አሁን ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት ይቅርታ።

ጠዋት ዝናቡ ጣለው። ጫማዬን በፌስታል ይዤ በአሮጌው ሄድኩ፣ እግዜር ይስጥህ ሊስትሮ። ለ3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደረስኩ። ጥበቃው አባባ የሚባሉ ዓይነት ሰው ናቸው። ሰላም አልኳቸው፣ ጎጇቸው ውስጥ አስገቡኝ፣ እዚያ ጫማዬን ቀየርኩ። «ለሠርግ ነው?» አሉኝ።

ሦስት ነበሩ። ሰብሳቢዋ ሴት ናት! «እርስዎ» ብዬ ጀመርኩ። ስለ ራስህ ሲሉኝ የጻፍኩትን ተናገርኩ። መሐል ላይ ድምፄ ተሰበረ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ቀጠልኩ። ቅንድቧን እያየሁ ነበር። ቼኩ ጋ ስደርስ አጎንብሳ ጻፈች። ማህተም_ያዥ፣ እውነት ጻፈች! ከዚያ አጠገቧ ያለው ሰውዬ «ቼኩ ሁለት ጊዜ እንደተመዘገበ በምን አወቅህ?» አለኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል በዚያ ብቻ አወራን። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ያናገረኝ ሰው አልነበረም።

ያልተዘጋጀሁበት አንድ ጥያቄ መጣ። «አለቃህ አንድን ደረሰኝ በሌላ ቀን መዝግብ ቢልህ?» ዝም አልኩ። ረጅም ዝምታ። ከዚያ «ለምን እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱ ካልገባኝ አልመዘግብም» አልኩ። ሰውየው ምንም አላለም። ጥሩ ይሁን መጥፎ አላወቅሁም።

ደሞዝ ላይ ቁጥር ተናገርኩ። ከዚህ እስከዚህ። ሰማይ አልወደቀም።

«ጥያቄ አለህ?» ሲሉኝ ቀድማችሁ ስላልነገራችሁኝ ደነገጥኩ። «የሙከራ ጊዜው ስንት ነው?» አልኩ። 60 የሥራ ቀን አሉኝ። በሳምንት ውስጥ እንደውላለን ብለው ሸኙኝ።

ማህተም_ያዥ | ሐሙስ ቀን 8:20

60 የሥራ ቀን ሕጉም የሚፈቅደው ጣሪያ ነው፤ በድሮው አዋጅ 45 ቀን ነበር። ጥያቄህ መጥፎ አይደለም። ብትገባ ግን ያ ክፍል 60 ቀን እንደሚቀጥል እወቀው። በሦስተኛው ሳምንት ማርፈድ የጀመረ ብዙ አይቻለሁ።

የደረሰኙ መልስህን ወድጄዋለሁ። ዝምታውንም። የሒሳብ ሰው ቶሎ ሲመልስ እኔ እጠራጠራለሁ።

ሊስትሮ_ነበርኩ | ሐሙስ ቀን 8:41

አሮጌውን ጫማስ?

የሳሙና_በር_ልጅ | ሐሙስ ማታ 12:30

ወይኔ።

ጥበቃው ቤት ረስቼዋለሁ። ከፌስታሉ ጋር። አሁን ሰውየው ደወሉልኝ፤ ስልኬን ከመግቢያ መዝገቡ አግኝተው ነው። «ልጄ፣ ጫማህ እዚህ ነው። ጭቃውን አራግፌልሃለሁ። ሴትዮዋ ስትወጣ የማን ነው ብላ ጠየቀችኝ» አሉኝ።

ምን እንዳሏት አልጠየቅኋቸውም። ነገ ጠዋት ሄጄ አመጣዋለሁ።

ዘመድ_አልባ | ሐሙስ ማታ 12:44

አብሬህ እሄዳለሁ። እዚያ ማስታወቂያ ተለጥፎ ከሆነ ላየው። ሲቪዬን ዛሬ ማታ ነው የምጽፈው። ያ የሚዜ ሱፍ ግን ለባለቤቱ ተመልሷል?